የጭራሮ የጸጉር ዘይት

ይድረስ ለምወድሽ አክስቴ፣

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይ? እዚህ ጠዋት ጠዋት ብርዱ ጠንከር ብሏል፤ ከአልጋ ስወርድ ወለሉ እግሬን ሲያቀዘቅዘኝ ያንቺ ጉልበት ትዝ ይለኛል። ጓሮሽ እንዴት ነው? የጎረቤትሽ ዶሮዎች ዛሬም በአጥሩ እየሾለኩ ችግኝሽን ይጭሩብሻል ወይስ እንደዛትሽው አንዷን ድስት ውስጥ ከተትሻት?

እኛ ደህና ነን። ይህን ከጻፍኩ በኋላ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ትንሽ አየሁት። ውሸት አይደለም። አባዬ ሥራ ይገባል፣ እኔና እህቴ ጭራሮ ትምህርት ቤት እንሄዳለን፣ ማታ ሦስታችንም አንድ ጠረጴዛ ላይ እንበላለን። ሰው ሲጠይቀን «ደህና ነን» እንላለን፣ ሰውም «ጎበዞች» ይለናል። እንግዲህ ደህና ማለት ይህ ከሆነ ደህና ነን።

ብደውልልሽ ይቀል ነበር። ግን ባለፈው ስንደዋወል ምን እንደሆንን ታስታውሻለሽ። አንቺ «ሃሎ» አልሽ፣ ድምፅሽ የእማዬ ድምፅ ሆነብኝ፣ እኔ ዝም አልኩ፣ አንቺም ዝም አልሽ፣ እንደዚያው እንዳለን ካርዱ አለቀ። ስለዚህ በደብዳቤ ይሁን ብያለሁ። ወረቀት ዝም ቢሉት አይቆጥርም።

እውነቱን ልንገርሽና ይውጣልኝ፤ ቅር ብሎኛል። ከቀብሩ ማግስት ሻንጣሽን አንስተሽ ሄድሽ፣ ከዚያ ወዲህ ብቅ አላልሽም። ሌላ ዘመድ ቢሆን አይደንቀኝም ነበር። በየወሩ ከነቅጠልሽ፣ ከነጭቃ ጫማሽ ሳትጠሪ የምትመጪው አንቺ ስትቀሪ ግን ቤቱ ሁለት ሰው የጎደለበት ሆነ። ያን ቀን በር ላይ አንገቴን አቅፈሽ «ይቅር በሉኝ» አልሽኝ። ምኑን ይቅር እንደምንልሽ አልገባኝም። መንገደኛ ሲሰናበት እንዲሁ የሚለው መስሎኝ «እሺ» አልኩሽ። ኋላ አባዬን «አክስቴ ለምን ቀረች?» ብዬ ስጠይቀው «ተዋት፣ የራሷ ሐዘን አለባት» አለኝ።

አሁን የምጽፍልሽ ግን ልወቅስሽ አይደለም። የጭራሮን ጸጉር ነገር ልነግርሽ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

እማዬ ቅዳሜ ቅዳሜ የስፌት መኪናዋን ክዳን ታለብሰውና በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ጭራሮን ጉልበቷ መሀል ታስገባት እንደነበር ታውቂያለሽ። መጀመሪያ እርጥብ የጥብስ ቅጠልና ናና ያፈላችበትን ውኃ ለብ አድርጋ ራሷን ታጥባታለች። ከዚያ ዘይቱን በጣቷ ጫፍ እየነካች ከሥር ከሥሩ ትቀባታለች። ማበጠሪያ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ጭራሮ ያን ሁሉ ጊዜ ታወራለች፤ ማን ከማን ጋር እንደተጣላ፣ ማን የማንን እርሳስ እንደሰበረ። እማዬ የጸጉር ላስቲክ በጥርሷ ነክሳ «እህ… እህ…» ትላታለች። እኔ በአጠገባቸው ሳልፍ «ሬዲዮኑን ዝጉት» እላቸው ነበር።

እማዬ ከሞተች ወዲህ ሬዲዮኑ ተዘጋ። ጭራሮ ራሷን ለማንም አላስነካም አለች። ሻሽ አስራ ትሄዳለች፣ ሻሽ አስራ ትመጣለች፣ ሻሿን እንዳሰረች ትተኛለች። እኔም አባዬም ሰሞኑን ያልፍላታል ብለን ዝም አልን። አንድ ቀን እንቅልፍ ላይ ሆና ሻሹ ወልቆ ሳየው ደነገጥኩ። ከኋላ በኩል ጸጉሯ ተድበልብሎ፣ ተጣብቆ አንድ ሆኗል። ማበጠሪያ አይገባበትም፣ ጣትም አይገባበትም።

የክፍል አስተማሪዋ እናቷ መሞቷን ስለምታውቅ ብዙ ታገሰቻት። በመጨረሻ ግን አባዬን አስጠርታ፣ «እኔም እናት ነኝ፣ ይገባኛል። ግን ልጆቹ እየሳቁባት ነው፣ ራሷንም እያከከች ነው የምትውለው። እስከ ወሩ መጨረሻ ወይ ይበጠር ወይ ይላጭ» አለችው።

አባዬን ታውቂዋለሽ፣ ግንበኛ ነው። የተጣመመ ነገር ሲያይ አፍርሶ እንደገና መጀመር ነው የሚቀናው። ቤት መጥቶ፣ «እንላጨዋለን። ጸጉር ነው፣ ይበቅላል» አለ። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ጨንቆት ነው። ጭራሮ የስፌት መኪናው ሥር ገብታ መርገጫውን አቅፋ ተቀመጠች። አባዬ ተንበርክኮ «ነይ ውጪ፣ የኔ ልጅ» ሲላት፣ «ይሄን ጸጉር እማዬ ታውቀዋለች። አዲስ የሚበቅለውን ግን አታውቀውም» አለችው።

አባዬ ቀስ ብሎ ተነሳና ወደ ግቢ ወጣ። እዚያ ምንም ሥራ አልነበረውም።

እኔ መሬት ላይ ተኝቼ፣ ጭንቅላቴን መኪናው ሥር ከትቼ፣ «እሺ ማን ቢሠራሽ ትስማሚያለሽ?» አልኳት። «የእማዬ ዘይት ካለ ማንም። የእማዬ ዘይት ከሌለ ማንም» አለችኝ። የመጀመሪያው «ማንም» እሺ ማለት፣ ሁለተኛው እምቢ ማለት መሆኑ ነው። የእማዬ ዘይት ደግሞ ካለቀ ቆይቷል። ባዶውን ብልቃጥ ትራሷ ሥር አድርጋ ክዳኑን እየከፈተች ታሸታዋለች፤ ቶሎ ብላም ትዘጋዋለች፣ ሽታው እንዳያልቅባት።

በመጀመሪያ ያደረግኩት ቀላሉን ነው። ሰፈራችን ጥግ ላይ ያለችውን ጸጉር ሠሪ ታውቂያታለሽ፣ ሰውን ሁሉ «የኔ ማር» የምትለውን። እሷ ጋ ወሰድኳት። ወንበር ላይ አስቀመጠቻት፣ ፎጣ አንገቷ ላይ ጣለችላት፣ ሻሹን እንኳ ሳይቀር በልመና አስፈታቻት። ነገሩ ሁሉ ደህና ሄደ። ከዚያ ከመደርደሪያው ላይ የሚያብረቀርቅ ዘይት አውርዳ መዳፏ ላይ ስታፈስ ጭራሮ አሸተተችና፣ «ይሄ የሰው ነው» አለች። ከወንበሩ ዘላ ወረደች፣ ፎጣውን እንዳንጠለጠለች በመንገዱ ሽምጥ ጋለበች። ጸጉር ሠሪዋ በሩ ላይ ቆማ፣ «የኔ ማር! ኧረ ፎጣዬን!» እያለች ትጮሃለች። እኔ ማንን ልከተል? እህቴን ተከተልኩ።

እንግዲህ ራሴ ልሥራው አልኩ። ምን ይከብዳል? ዘይትና ቅጠል ነው። እማዬ ስትሠራ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ማየት ማለት ግን በአጠገቡ ማለፍ እንዳልሆነ አሁን ነው የገባኝ። የማስታውሰው አንቺ ይዘሽላት የምትመጪውን እርጥብ የጥብስ ቅጠል ነው። ከገበያ እርጥቡን ገዛሁ። ንጹሕ ይሁን ብዬ በውኃ ደጋግሜ አጠብኩት። ውኃው እየተንጠባጠበ የማርማላታ ብልቃጥ ውስጥ ጠቅጥቄ፣ የወይራ ዘይት ሞላሁበት፣ ክዳኑን ጥርቅም አድርጌ መስኮቱ ላይ ፀሐይ እንዲመታው አስቀመጥኩት። በጣም ኮርቼ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።

ሳምንት እንኳ አልሞላውም፣ ዘይቱ ደፈረሰ። ከላይ ነጭ ነገር ወጣበት። ክዳኑን ስከፍተው የእርጥብ ካልሲ ሽታ ነው የወጣው። ጭራሮ አጮልቃ አየችና፣ «ዘይትህ ጺም አወጣ» አለችኝ። ቀጥላም አገጬን አየት አድርጋ፣ «ካንተ ቀደመ» አለች። አክስቴ፣ ሰደበችኝ ማለት እኮ ነው። ከእማዬ ሞት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰደበችኝ። ደስ ብሎኝ ልሞት።

ሁለተኛውን በእሳት ሞከርኩ። መጥበሻ ላይ ዘይት አግሜ ቅጠሉን ስጨምርበት ተንጣጣ፣ ክንዴን ለበለበኝ፣ ቅጠሉም ዓይኔ እያየ ጠቆረ። ቤቱ በሽታ ተሞላ። አባዬ ከሥራ ሲገባ ፊቱ በራ፤ «ዛሬ ሥጋ ተገኘ እንዴ?» አለ። ጭራሮ፣ «የለም አባዬ፣ የኔ ጸጉር ነው የሚጠበሰው» አለችው። አባዬ መጥበሻውን አየ፣ እኔን አየ፣ ሳቀ። በኋላ ግን ለብቻዬ ጠርቶ፣ «አንተ ልጅ፣ አትድከም። የእናትህን ዘይት እናትህ ናት የምትሠራው። ወሩ አለቀ፣ እሁድ እላጫታለሁ» አለኝ። እጄን በቅባት ሊያሽልኝ ፈለገ፤ ቅባቱም የእማዬ ነበር፣ አልቋል። የራሱ እጅ በሲሚንቶ ተበልቶ ተሰነጣጥቋል። የነካው ነገር ሁሉ ላይ ደም ይተዋል፤ የበር እጀታ ላይ፣ ብርጭቆ ላይ። ስለሱ ግን ማንም አያወራም።

ፎጣውን ልመልስ ጸጉር ሠሪዋ ጋ ስሄድ ወሬዬን ሁሉ ነገርኳት። እስክትንፈራፈር ሳቀች። «ጺም ያወጣ ዘይት!» እያለች ለደንበኞቿ ሁሉ ነገረችብኝ፤ ከዚያ ወዲህ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር «ሐኪም ቅጠሌ» ነው የምባለው። ስቃ ስትጨርስ ግን ተቀምጣ አስረዳችኝ። «የኔ ማር፣ እርጥብ ቅጠል ውስጡ ውኃ አለ። አንተ ደግሞ አጥበህ ሌላ ውኃ ጨመርክበት። ውኃና ዘይት አንድ ቤት አይኖሩም፣ ይሻግታል። እርጥቡ ለማጠቢያ ነው፤ ዛሬ አፍልተህ ዛሬውኑ ትታጠብበትና ቀሪውን ትደፋዋለህ። ለሚቀመጥ ዘይት የሚሆነው ግን ደረቅ ነው፤ በጣት ሲያሹት የሚፈረፈር» አለችኝ።

«እማዬ ግን በእርጥብ ነበር የምትሠራው» ብዬ ተከራከርኳት። «አዎ፣ ድሮ። ለሳምንት የሚሆናትን ጠብ አድርጋ ትሠራና ሲያልቅ እንደገና ትሠራለች። ባለፈው ዓመት ነው ወደ ደረቅ የዞረችው። እኔ ራሴ ‹አንቺ፣ እርጥብ እንደ ልብሽ እያገኘሽ ደረቁን ምን አደረግሽው?› ብዬ ቀልጄባታለሁ። ‹ደረቅ ይቆያል› ነው ያለችኝ» አለች። ፎጣዋን አጣጥፋ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠች፣ ከዚያ ወደ መስታወቱ ዞራ ማበጠሪያ ማጽዳት ጀመረች።

መንገድ ላይ ባለፈው ዓመት የነበረው ትዝ አለኝ። የስፌት ክፍሉ ውስጥ ነጭ አንሶላ ተዘርግቶ፣ ላዩ ላይ ቅጠል በቅጠል ሆኖ ነበር። መጋረጃው ቀኑን ሙሉ እንደተዘጋ ነው፤ ፀሐይ ቀለሙን ይበላዋል ትል ነበር እማዬ። አባዬ በዚያ በኩል ባለፈ ቁጥር ያስነጥሳል። ያ ሁሉ ቅጠል የት ገባ?

ጭራሮን ጠየቅኳት። ወለሉን አየች። «ለማንም እንዳትናገር» አለችኝ፣ ከዚያ በጣቷ ወደ ቁም ሣጥኑ ጫፍ ጠቆመች። ላዩ ላይ የእማዬ ሻንጣ አለ፤ እማዬ ከሞተች ጀምሮ ማንም አልነካውም። ጭራሮ ግን እኛ ሳንኖር በርጩማ ላይ በርጩማ ደራርባ እየወጣች የቁልፉ ቀዳዳ ላይ አፍንጫዋን ትደቅናለች። አልከፈተችውም። «አሸትተዋለሁ እንጂ አልነካውም» አለችኝ።

ያንን ሻንጣ እኔም ብቻዬን ልከፍተው አልደፈርኩም። አባዬ እስኪመጣ ጠበቅን። ስንነግረው ኮቱን ሳያወልቅ ብዙ ቆመ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ሻንጣውን አወረደው፤ ከባድ መስሎት ነበር መሰለኝ፣ ቀልሎት ወደ ኋላ ተንገዳገደ።

ውስጡ ልብስ የለም። ከረጢት ብቻ ነው። ትንንሽ የጨርቅ ከረጢቶች፣ እማዬ ከሰፋቻቸው ዩኒፎርሞች በተረፈ ቁራጭ የተሠሩ። ሰማያዊው የኔ የድሮ ሱሪ ነው፣ ግራጫው የጭራሮ ቀሚስ ጫፍ ነው፤ ሌሎቹ የማናውቃቸው ልጆች። እያንዳንዱ አፉ ላይ ሁለት ጊዜ ተሰፍቷል፣ እሷ ሁልጊዜ ኪስ እንዳይቀደድ እንደምታደርገው። ጨመቅ ሲያደርጉት ውስጡ ይንኮሻኮሻል፣ ያ ሽታም ይወጣል። ጭራሮ አንዱን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ አልመለሰችውም።

አንዳንዶቹን ስትሰፋ አይቻታለሁ፣ አክስቴ። አልጋዋ ላይ ተደግፋ፣ መኪናው ጋ መቀመጥ ባቃታት ሰሞን፣ በእጇ ነበር የምትሰፋው። «ምንድን ነው?» ስላት «የደንበኛ ነው፤ አንተ ጥናትህን አጥና» አለችኝ። ያኔ ለሁላችንም ጨጓራ ነው ብላናለች። ሐኪም ዘንድ ስትሄድም አብረሻት የምትገቢው አንቺ ነበርሽ፤ ስትመለሱ ሁለታችሁም «መድኃኒት ሰጥቷታል፣ ይሻላታል» ትሉን ነበር። እኔም ጥናቴን አጠናሁ።

ከረጢቶቹን ማውጣት ቀጠልን። ከላይ ያሉት የጭራሮን መዳፍ የሚያህሉ ናቸው። ወደ ታች ስንሄድ ግን እያደጉ መጡ። ከሥር ያሉት የኔን ሁለት እጅ ይሞላሉ። ጭራሮ አንዱን ትልቅ አንስታ፣ «ይሄ ለምን ተለቀ?» አለች። እኔም ሳላስብ፣ «እዚያኛው ጋ ስንደርስ ጸጉርሽ ረዝሞ ይሆናላ፤ ብዙ ዘይት ይፈልጋል» አልኳት።

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ራሴ የሰማሁት። አባዬን አየሁት። እሱም እያየኝ ነበር።

ጭራሮ ልትቆጥራቸው ጀመረች፤ አባዬ «ተይ፣ አትቁጠሪያቸው» አላት። ትልቁን ከረጢት በዚያ በተሰነጣጠቀ እጁ ይዞ የእማዬ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ገልበጥ አድርጎ ስፌቱን አየው፣ የግንብ መስመር እንደሚያይ በአንድ ዓይኑ። ከዚያ፣ «ይሄን ሁሉ ቅጠል ከየት አመጣችው?» አለ። ጭራሮ ቀበል አድርጋ፣ «ከአክስቴ ጓሮ አጥር ነዋ! በጆንያ ሙሉ አምጥታ የለ እንዴ! እማዬ ‹አጥርሽን አራቆትኩብሽ› ስትላት አክስቴ አለቀሰች። ለአጥር ይለቀሳል?» አለች።

አባዬ፣ «እንግዲያ እሷም ታውቅ…» አለና ቀሪውን ዋጠው። ወጥቶ ፊቱን ታጥቦ መጣ። «ለአክስትህ ጻፍላት» አለኝ። «ምን ብዬ?» ስለው፣ «ስለ ጸጉሩ ጻፍላት» አለኝ። ይኸው እየጻፍኩልሽ ነው።

ዘይቱን የሠራሁት በማግስቱ ነው። ጸጉር ሠሪዋ እንዳለችኝ አንዷን ትንሽ ከረጢት ፈትቼ ቅጠሉን ደረቅ ብልቃጥ ውስጥ አደረግኩ፣ ዘይት አፈሰስኩበት፣ ብልቃጡን ውኃ ያለበት ድስት ውስጥ አቁሜ እሳቱን ዝቅ አደረግኩት። አይፈላም፣ አይንጣጣም፤ ዝም ብሎ ይሞቃል። ጭራሮ ድስቱ አጠገብ ሆና እንደ ዘበኛ ስትጠብቅ ዋለች። ሲበቃው በንጹሕ ጨርቅ አጠለልኩት። አረንጓዴ ነው፣ ጥርት ያለ። ክዳኑን ሰጠኋት፣ አሸተተች። በርጩማውን ጎትታ አመጣችና «ተቀመጥ» አለችኝ። ከዚያ ሻሿን ፈትታ ጉልበቴ መሀል ገባች።

አክስቴ፣ ጸጉር መፍታት እንዲህ ከባድ ሥራ መሆኑን ማን ነግሮኝ? ቀባሁ፣ ጠበቅኩ፣ ከጫፉ ጀምሬ ትንሽ ትንሽ በጣቴ ፈታሁ፣ እንደገና ቀባሁ። ከሰዓቱ በሙሉ አለቀ። አንድ ማበጠሪያ ሰበርኩ። ጭራሮ አለቀሰች፣ ማልቀሷን ስታቆም ሰደበችኝ፣ «እማዬ እንዲህ አትጎትትም ነበር» አለችኝ። «አውቃለሁ» አልኳት። ትንሽ ቆይታ፣ «አንተም ትለምዳለህ» አለችኝ፣ እንደ ትልቅ ሰው። ከዚያ ማን ከማን ጋር እንደተጣላ መንገር ጀመረች። እኔ ላስቲኩን በጥርሴ ነክሼ ስለነበር «እህ… እህ…» እላታለሁ። አባዬ በሩ ላይ ቆሞ ሲሰማ ነበር፤ ሳየው ወደ ጓዳ ገባ።

ሁለት ጉንጉን ሠራሁላት፤ አንዱ ወደ ላይ ያያል፣ ሌላው ወደ ታች። አስተማሪዋ አይታ፣ «ማነው የሠራሽ?» ስትላት «ወንድሜ» ብላታለች። አስተማሪዋም «ያስታውቃል» አለቻት አሉ። ግን አለፈች። መላጨቱ ቀረ።

ከዘይቱ ትንሽ ተርፎኝ ነበር። የእማዬ መኪና መሳቢያ ውስጥ ክር የምታሻበት የንብ ሰም አለ፣ ክሩ ያለፈበት መስመር ሁሉ ገና አልጠፋበትም። ከዳሩ ፋቅ ፋቅ አድርጌ ከዘይቱ ጋር አሞቅሁት፤ ሲቀዘቅዝ ቅባት ሆነ። ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት እንጂ ለማንም አላልኩም። ማታ አባዬ እጁን ታጠበ፣ መጣ፣ አጠገቤ ተቀመጠ፣ ሁለት መዳፎቹን ዘርግቶ ጠረጴዛው ላይ አኖራቸው። ቀባሁት። ጭራሮ፣ «አባዬም ሽታው እማዬ እማዬ አለ» አለች።

ስትሄጂ በር ላይ ያልሽኝን ለአባዬ ነገርኩት፤ እስከዚያ ቀን አልነገርኩትም ነበር። «እህቷ ‹አትንገሪያቸው› ስትላት እሺ ባለች ምን አጠፋችና ነው ይቅር የምንላት? ትምጣ በላት» አለኝ። እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ከላይ ቅር ብሎኛል ያልኩሽን ልሰርዘው አስቤ ነበር፤ ደብዳቤው ይቆሽሻል ብዬ ተውኩት። እንዳልተጻፈ አድርገሽ እለፊው።

ከዚህ ጋር የተጠቀምንባትን የመጀመሪያዋን ከረጢት ባዶዋን ልኬልሻለሁ። አጥቤ ልልካት ነበር፤ ጭራሮ «አክስቴም ታሽትት» ብላ ከለከለችኝ። እሷም ሰላም ትልሻለች፣ ዶሮዋን እንዳታርጃት ለምናሻለች።

ስትመጪ ታዲያ ደረቅ ቅጠል እንዳታመጪ። ደረቁ አለን፣ ለብዙ ጊዜ አለን። እኛ ያጣነው የቅዳሜውን ማጠቢያ ነው፣ እሱ ደግሞ እርጥብ ይፈልጋል። እርጥብ በፖስታ አይላክም፣ አይቀመጥምም፤ ወዲያው ይጠወልጋል። ከጓሮሽ ቆርጠሽ በዚያው ቀን ራስሽ ይዘሽው ነው የምትመጪው። ሲያልቅም እንደገና።

ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ መንገድሽን ያቅናልሽ፣ አጥርሽንም መልሶ ያለምልምልሽ። በርጩማዋን ጠርገን እንጠብቅሻለን።

የእህትሽ ልጅ